ድምፁን ቀንሺው

የሰርጌን ቪዲዮ ያቀናበረው ሰው ከዳር እስከ ዳር መዝሙር ጭኖበታል። አያቴ ቆመው ሲመርቁን አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሰማው ግን መዝሙሩ ነው። ዋናውን ቅጂ ስንጠይቀው «አጥፍቼዋለሁ» አለን።

እኔ ጨስኩ፤ አያቴ ግን ሳቁ። ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን መጥተው ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ «ድምፁን ቀንሺው» ይሉኝና ከሶፋው ተነስተው እንደገና ይመርቁናል። ምርቃቱ በየጊዜው ይለያያል።

«የዚያን ቀን ያሉት ይኼን ነው?» ስላቸው፣ «አሁን የምልሽን ያዢ» ይሉኝ ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ ቪዲዮውን ከፈትነው። እሳቸው ጋ ሲደርስ እጄ ለምዶበት ድምፁን አጠፋሁት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከሶፋው የሚነሳ ሰው ግን የለም።

«እማዬ፣ ምን እያሉ ነው?» አለችኝ ልጄ።

መዝሙሩን መልሼ ጨመርኩት።