አቻ የሚለው ቃል

ልጅ ሳለሁ «አቻ» የሚለውን ቃል የማውቀው ከኳስ ነበር። ሁለት ቡድን አንድ ለአንድ ሲወጣ ሬዲዮኑ «አቻ ተለያዩ» ይላል፤ ማንም አልበለጠ፣ ማንም አላነሰ። ሌላው ትርጉሙ ቤታችን የገባው ታላቅ እህቴ ለጋብቻ የተጠየቀች ዕለት ነው።

እህቴ ከሐረር ግንብ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ አስተማሪ ናት። የወደደችው ሰው እዚያው፣ ከአጠገቧ ክፍል ያስተምር ነበር፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ነው። ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ ስለ ዝናቡም ስለ ጤናም ተጫውተው ሲያበቁ የልጁን ወላጆች ጠየቁ።

«እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው» አሉ አንደኛው፣ ምንም ሳይደብቁ።

በድስቷ እየበላን ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ የምንል ሰዎች ነን። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጁን አልነቅፍም። ግን አቻ አይደለንም።»

እህቴ ከጓዳ ወጣች። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ተደርጎ አያውቅም።

«አባባ፣ አቻ ማለት ምን ማለት ነው? እሱ አስተማሪ፣ እኔ አስተማሪ። ጠመኔ እንኳ ሲያልቅብን የምንካፈል ነን።»

«አቻ በሥራ አይደለም ልጄ፤ በአጥንት ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ሰውየው ዝውውር ጠየቀ። የሄደ ቀን እህቴ በባጃጅ እስከ መነኸሪያ ሸኝታው ተመለሰችና የተማሪዎቿን ፈተና ማረም ጀመረች። ቆይቶ ማግባቱን ሰማን። ከዚያ ወዲህ የመጡትን ሁሉ፣ አባቴ አቻ ያሏቸውንም ጭምር፣ እሷ ራሷ መለሰቻቸው።

አሁን እናታችን የለችም። አባቴ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፤ ነገርም ይረሳሉ። እህቴ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። ባለፈው የፋሲካ ማግስት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ በገዛችው ማሽላ ገንፎ ሠርታ እያበላቻቸው ነበር። ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ሳታገቢ ቀረሽ? ሐረር ውስጥ ወንድ ጠፋ እንዴ?»

አፌን ልከፍት ስል በዓይኗ ከለከለችኝ።

«አልቀናኝም፣ አባባ።»

«እግዜር ያውቃል» አሉና ለሚቀጥለው ጉርሻ አፋቸውን ከፈቱ። እሷም እንዳያቃጥላቸው ገንፎውን እፍ አለችበት። እኔ እዚያ መቀመጥ አቅቶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ።