ያልቆሸሸው ወንበር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በቅርቡ አንድ ቀን ብቻ፣ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ በአንዲት ቃል አምኛለሁ፤ እሷም ተጠይቄ የወጣች እንጂ ፈልጌ ያወጣኋት አይደለችም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለልጄ አልነገርኩም። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ «ያወቅኩትንም ያላወቅኩትንም ወንጀሌን ማረኝ» እያልኩ ከሌላው ጋር ቀላቅዬ አሳልፈው ነበር። ነጋዴ ነኝ፤ የተበላሸ ዕቃ በጅምላ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ አውቃለሁ።

አንተ ይህን የምታነበው ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ ባላውቅህም ይሻለኛል። ስሜ ሸምሱ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ። የተወለድኩት ግን በቆሼ መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። የእኛንና የከድርን ግቢ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ነበር። ከድር በርበሬ ያመርታል፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ሚስቱ ዘይነባ ትባላለች። ልጅ የላቸውም። ለምን እንደሌላቸው መንደሩ ያውቃል፤ ሙሉውን የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ዘንድሮ አረፋ ሲቃረብ ከድር ሱቄ መጣ። ሰላምታችንን ስንጨርስ ተቀመጠና ጉልበቱ እየደከመ መሆኑን፣ የወንድሙ ልጆች አዲስ አበባ ቀርተው መሬት የሚባል ነገር እንደረሱ አጫወተኝ። ከዘይነባ ጋር መክረው ማሳውንና እንሰቱን ለልጄ ለአንዋር ለማውረስ እንደቆረጡ፣ ለአረፋ ዋዜማም ሽማግሌ እንደጠሩ ነገረኝ። ለምን ለአንዋር እንደሆነ ጠየቅኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የጠየቅኩት፤ መልሱን አውቀው ነበር።

«ያን ቀን ላብህን አፍስሰህልናል» አለኝ። «እኔና ዘይነባ ይህን አንረሳም።»

ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ። ከከተማው ዳር አንድ ባለሀብት የድሮ መኪናዎችን እየገዛና እያሳደሰ ግቢው ውስጥ ሰብስቦ፣ ሙዚየም ብሎ ለሕዝብ ከፍቷል። ከመኪናዎቹ አንዷ የያን ቀኗ የአጎቴ መኪና መሆኗን ከድር ሰምቶ ኖሯል። ሳይሞት አንዴ ሊያያት ፈለገ። እንቢ ልበለው ብል ምን ምክንያት ልስጠው? እሺ አልኩት።

አሁን ያን ቀን ልንገርህ።

አጎቴ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ነበር። በእኛ ዘንድ ከከተማ ዘመድ የሚሰበሰበው በአረፋ ነው፤ ሠርግም ያኔ ይደገሳል። የእኔ ሠርግ የአረፋ ማግስት ነበር። አጎቴ ሙሽራዬን ላመጣባት ክሬም ቀለም ያላትን የቤት መኪናውን ይዞ መጣ። ወንበሮቿን ለዚሁ ሲል ነጭ ቆዳ አልብሷቸዋል። ሙሽራዋ እስክትቀመጥበት ድረስ ማንም እንዳይቀመጥበት አስጠነቀቀኝ። ሌላም ነገር አሳየኝ። ሞተሩ ውስጥ ለካንዴላዎቹ እሳት የምታከፋፍል ጣት የምታክል ቁራጭ አለች። እሷ ከተነቀለች ቁልፍ ብታዞር፣ ብትገፋ፣ ብትለምን መኪናው አይነሳም። አጎቴ መርካቶ ሌባ ስለሚፈራ መኪናውን ባቆመ ቁጥር ቁራጯን ነቅሎ ኪሱ መክተት ለምዶ ነበር። እኔንም አስለመደኝ። በአረፋ ዕለት ራቅ ወዳለ ዘመድ ለዚያራ ሲሄድ ቁልፉንም ቁራጯንም ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ቁራጯ የሸሚዜ የደረት ኪስ ውስጥ ነበረች።

የአስር ሶላት ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ ከድር እየሮጠ መጣ። ዘይነባ ምጥ ይዟታል፤ ደም እየፈሰሳት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር። ቡታጅራ ሆስፒታል ድረስ እንዳደርሳት ለመነኝ። እሺ አልኩት። እውነቴን ነበር፤ እሺ ያልኩት ላደርገው አስቤ ነው። ሄጄ የመኪናውን በር ከፈትኩና ነጩን ወንበር አየሁ። ደም እየፈሰሳት ነው ያለኝ ያኔ ገባኝ። ነገ ሙሽራዬ ራሕመት የምትቀመጥበት ነው። አጎቴ ምን ይለኛል? የሙሽራዋ ቤተሰብ ምን ይላል? ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት፤ እኔ ስለ ወንበር አስባለሁ። ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልህም።

ቁራጯን ሳልመልስ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልተነሳም። «እንቢ አለች» አልኩት ለከድር። እንቢ ያለችው እሷ አልነበረችም፤ እኔ ነበርኩ።

በዚህ ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። የመንደሩን ሰው ረስቼው። ለበዓል የመጣው ሳይቀር ወንድ ሁሉ ተጠራርቶ መጣና መኪናዋን መግፋት ጀመረ። ከድር ራሱ ከኋላ ነበር፤ ጫማው ወልቆ በባዶ እግሩ ይገፋል። እኔ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ ፍሪሲዮን እለቃለሁ፣ መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ ትቆማለች። እስከ መስጊዱ አጥር ገፏት፤ አዙረው መልሰው ገፏት። የአላህ ስም እየተጠራ ይገፋል። እኔም አላበኝ። የማይነሳ መኪና ለማስነሳት ከሁሉም በላይ ያላበኝ እኔ ነበርኩ። ዘይነባ ደጃቸው ላይ ሰሌን ተነጥፎላት ተኝታ፣ አልፎ አልፎ ቀና እያለች ታየን ነበር።

መሃል ላይ ኮፈኑን ከፍቼ አጎነበስኩ፤ የማበጅ ለመምሰል። እጄ ኪሴ ገባና ቁራጯን ነካኋት። ልመልሳት እችል ነበር። ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከኪሴ አውጥቼ ስመልሳት፣ እስካሁን የት ነበረች ቢሉኝስ? መጀመሪያ የፈራሁት ለወንበሩ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለፊቴ ፈራሁ። እጄን ባዶዋን አወጣሁ። ከሁሉም የማይወጣልኝ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ ደንግጬ ነበር ልልህ እችላለሁ፤ ያኔ ግን ደንግጬ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ ይህ ብረት ይተው፣ ሰው ሰውን ይሸከም አሉ። ቃሬዛ ተሠራ። ወንዶቹ እየተቀባበሉ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟት፤ እዚያ ቆመው ቆመው አንድ የጭነት መኪና አገኙ። እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ቁራጯ የደረቴ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ የቃሬዛው እንጨት ትከሻዬ ላይ፣ ከበላይዋ ያርፍ ነበር።

ልጁ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር። እሷን ለማትረፍ ማህፀኗን አወጡት። ትንሽ ቀድማ ብትደርስ ኖሮ ብሎ ሐኪሙ ለከድር ነግሮታል። ይህን ያወራኝ ከድር ራሱ ነው፤ እንዳልጸጸት እያጽናናኝ። መኪና ብረት ነው፣ ምን ታደርገዋለህ፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል ይለኝ ነበር።

ቁራጯን የዚያኑ ዕለት ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳት። አጎቴን ጠፋችብኝ አልኩት። ተቆጣ፤ ከቡታጅራ መካኒክ አስመጣና የሌላ መኪና ቁራጭ ተሞርዳ ገባች። ለመንደሩ ዕቃ ተበላሽቶ ነበር ተባለ። በማግስቱ ራሕመት ነጭ ለብሳ በነጩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ አልቆሸሸም። ከድር ከሆስፒታል ሰው ልኮ ሠርጌን መረቀልኝ። ከዚያ ወዲህ በየአረፋው ዘይነባ ክትፎ በቆጮ ሠርታ ትጠራኛለች፤ በየአረፋውም እበላለሁ።

ሙዚየሙ የሄድነው ጠዋት ነው። ረጅም የቆርቆሮ መጠለያ ሥር መኪናዎቹ ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ገመድ ተወጥሯል። ለበዓል የመጡ ወጣቶች አንዱን እንጨት ጋቢና ያለው አሮጌ የጭነት መኪና ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ። አስጎብኚያችን ቀልጣፋ ልጅ ነበረች። የአጎቴ መኪና መጨረሻ ላይ ቆማለች። ታብሳ ታብሳ ከዚያን ጊዜም ይልቅ ታበራለች።

«አባባ፣ ወንበሯን እዩልኝ» አለችው ለከድር በሩን ከፍታ። «ቆዳው የድሮው ነው፤ ፍሬሽ ነው፣ አንድ ጠብታ አልነካውም። ባለቤቶቿ ምን ያህል ቢሳሱላት ነው?»

ምን ተሰማህ ብትለኝ፣ ምንም። ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ እንደተወጋ ሰው ነበርኩ፤ የሚነካኝን አያለሁ፣ አያመኝም። ከድር ጎንበስ ብሎ ወንበሩን በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ትነሳ እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ ገብታ ቁልፉን አዞረች፤ ወዲያው ተነሳች። ከድር «አልሐምዱሊላህ» አለ። ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ለእኔም ደስ ያለኝ መስሎት ነው።

ያን ቀን ምን ነክቷት እንደነበር ያወቀ አለ ወይ ብሎ ልጅቷን ጠየቃት፤ ነገሩን ባጭሩ አጫውቷት። እሷ ሞተሩን አጥፍታ ኮፈኑን ከፈተች። መኪናዋ ሁሉ ነገሯ ኦርጅናል መሆኑን፣ አንዲት ዕቃ ብቻ የሌላ መኪና ሆና እንደተገኘች ነገረችን። የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን ከፍታ ያቺን ቁራጭ ነቀለችና ሰጠችው። ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። እሷ ከሌለች መኪናው እንደማይነሳ ነገረችው። ከዚያ ልክ ደስ የሚል ወሬ እንዳላት ሆና ጨመረችለት፤ የድሮ ሰዎች ሌባ እንዳይወስድባቸው መኪናቸውን ሲያቆሙ ይህችን ነቅለው ኪሳቸው ይከቱ ነበር አለችው።

ከድር ቁራጯን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አያት። ወደ እኔ አልዞረም። ሲበቃው መለሰላትና «አላህ ይስጥሽ ልጄ» አላት።

ወደ መንደሩ ልሸኘው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጣሪያው ላይ የተጫኑ የአረፋ በጎች ይጮሃሉ፤ ረዳቱ ሂሳብ እያለ ይዞራል። ከድር በመስኮት ያይ ነበር። ከከተማ ከወጣን በኋላ፣ እንዳለ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ኪስህ ውስጥ ነበረች?»

«ነበረች» አልኩት።

ይህች ናት ያልኩህ ቃል። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ስለ ወንበሩ ልነግረው አልቻልኩም፤ ደግሞም በመዳፉ የዳሰሰው ነው። የሚወርድበት ሲደርስ ተነሳ፤ አብሬው ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር፣ ያኔ ቃሬዛውን ካሳረፍንበት ብዙ ሳይርቅ ቆመና፣ «ለዘይነባ አትንገራት» አለኝ።

መሬቱ ለአንዋር አይሆንም፣ ተወው አልኩት።

«ሽማግሌው ተጠርቷል። ብተወው ለምን ትለኛለች፤ ምን እላታለሁ?» አለ። ቁጣ የለውም፤ ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ከዚያ ቀን ለእሷ የተረፋት፣ ሰው ሁሉ ገፋልኝ የምትለው ብቻ ነው። እሱን አልወስድባትም። አንተም አትወስድባትም።»

በዋዜማው ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። አንዋር የከድርን ጉልበት ስሞ መሬቱን ተቀበለ፤ ከድርም አንስቶ ግንባሩን ሳመው። ሁሉም አሚን ሲል እኔም አሚን አልኩ። የልጄ ፊት በደስታ ሲበራ አየሁ። ያን መሬት የገዛሁለት በምን እንደሆነ ያውቅ ይሆን አንድ ቀን? እኔ እንደሆንኩ አልነግረውም፤ ለእሱ ከነገርኩት ለዘይነባ ይደርሳል።

ይቅር በለኝ አልልህም። አንተ ምን በድዬህ? ይቅር ማለት የምትችለው አንዲት ሴት ናት፤ እሷ እንዳትሰማ ተከልክያለሁ። የጻፍኩትም ዘይነባ ማንበብ ስለማትችል ነው። ይህንንም ከፈሪነቴ ቁጠረው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ከድርም ወጣት ነበር። አጎቴን ፈርቼ ነው አልልም፤ አጎቴ ያኔ እዚያ አልነበረም። ወንበሩ ይቆሽሻል ብዬ ነው። ያደረግኩት ይህ ነው።

በአረፋ ዘይነባ እንደ ልማዷ ጠራችኝ። ክትፎውን በጣባ አቀረበች፤ ቆጮውን ቆራርሳ ከፊቴ አደረገችልኝ። ያን ዕለት ያላበኝን ዘንድሮም አነሳችው፤ ሰሌኑ ላይ ሆኜ አየሁህ ነበር አለችኝ። ከዚያ ለባሏ፣ ሸምሱን አጉርሰው እንጂ አለችው። ከድር እጁን ታጠበ። ቆጮውን በክትፎ ጠቅልሎ፣ እሷ እያየች፣ ወደ አፌ ዘረጋልኝ። አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ።