ሞተሯ አልሞቀም ነበር

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም፤ በየዓመቱ ጾም መሻሬን፣ መማሌን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝርላቸዋለሁ፣ ይኸኛው ግን ጉሮሮዬ ላይ ይደርስና ይመለሳል። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት የሚቀለኝ ለዚህ ይሆናል። ብቻ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያደረግሁትን አውቀዋለሁ፣ ለምን እንዳደረግሁት ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ወርጄ አንዲት መኪና ገዝቼ መጣሁ። ከቤት መኪና ከፍ፣ ከጅፕ ዝቅ የምትል፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ቱርቦ ያላት ናት። ቱርቦ ማለት አየር አምቆ ሞተሩን የሚያጎርስ ነገር ነው። አገራችን ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሌላው የቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የእኔዋ ግን ነዳጁን ስትረግጡት ለአፍታ እንደማሰብ ትልና ወንበሩ ጀርባችሁን ገፋ ያደርጋችኋል። ስለ እሷ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ቱርቦ መጣ» ይሉኝ ጀመር፤ እየቀለዱብኝ መሆኑ ቢገባኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሰለቸው ጓደኛዬ አንተነህ ነው። እዚሁ ከተማ አስተማሪ ነው። ደብረ ታቦር በሄድን ቁጥር አስፋልቱ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡሱን ሁሉ እያለፍሁ ሳበራት የበሩን እጀታ ጨብጦ «ኧረ በማርያም ቀስ በል፤ ይቺ በቅሎ ናት፣ ያውም ያልተገራች» ይለኝ ነበር። ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር የለም። የምነግረውን ሁሉ ያምነኛል።

አንተነህ የሲማዳ ልጅ ነው፣ ከወገዳ ወዲያ። እናቱ እማማ የሺ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው የወለዱት ነበርና ገና በልጅነቱ ድጓ እንዲማር ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ላኩት። እሱ ትምህርቱን ትቶ አስኳላ ገባ። እሳቸውም «ስለቴን አፈረስህ» ብለው ተቀየሙ። አላባረሩትም፤ ሲሄድ ያበሉታል፣ ያጠጡታል። ሲመለስ ግን አይመርቁትም። እናት ልጇን ሳትመርቅ ከደጅ ስትሸኘው ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አንተነህ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ይስቃል፤ እየሳቀ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ሞላ ደወለ። የደወለው ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነው። «እናታችንን አሟታል፤ አንተነህን ይዘኸው ና። ብቻ እንዳታስደነግጠው» አለኝ።

እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሰውየው «ታመዋል» ይባልና ይጠራል፤ ከቤቱ ደርሶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ግራ ቀኙን ተይዞ ነው መርዶው የሚነገረው። እኔም የአባቴን ሞት የሰማሁት እንዲሁ ነው። ታዲያ ሞላ ወንድሙን ትቶ ለእኔ ሲደውል፣ ደግሞም እንዳታስደነግጠው ሲለኝ፣ ምን ልበል? እማማ የሺ አርፈዋል አልሁ በልቤ። «ነፍሳቸው አለች ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እንዲያ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ፤ ያዘነን ሰው መርዶውን አስገድዶ ማናገር መሰለኝ። አልጠየቅሁም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያደረግሁት ሁሉ ካልጠየቅኋት ከዚያች ቃል የመጣ ነው።

አንተነህን ከክፍል አስጠርቼ ጉዞ ጀመርን። እናቱ መታመማቸውን ብቻ ነገርሁት። ዳሽቦርዱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እንግዲህ ያ ሁሉ የምታወራላት ጉልበት ዛሬ ይታያል» አለ። አልሳቀም።

የወገዳ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ያን ክረምት ደግሞ ጎርፉ ክፉኛ ቦርቡሮታል። መኪናዬ ሆዷ ዝቅ ያለ ነውና በፍጥነት ከተኬደ ድንጋይ ሥሯን ይነካታል። ቢሆንም ትችል ነበር። ጎማ ይፈነዳል፣ ሆዷ ይጫጫራል፣ ግን ትደርሳለች፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ቀስ አልሁ። ለሞተ ሰው ምን ያስቸኩላል? ሽማግሌዎቹ ይሰብሰቡ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ይኑር አልሁ። እንዲህ ማሰቤን እምላለሁ። ነገር ግን ድንጋይ በመጣ ቁጥር ፍሬን የያዝሁት ለእሱ አዝኜ ነው ወይስ ለመኪናዬ? ሌሊት ተነሥቼ ራሴን ስጠይቅ አንዱን ቀን ይኸኛው፣ ሌላውን ቀን ያኛው እውነት ይመስለኛል። ሁለቱም አብረው ነበሩ ልበል? እሱም ማምለጫ ይሆንብኛል።

መንገድ ላይ ካለች አንዲት ገበያ ስንደርስ ምሳ እንብላ አልሁት። መርዶ የሚጠብቀውን ሰው እህል አቅምሶ መውሰድ ደንብ ነው፤ ከሰማ በኋላ አይበላምና። ሽሮ ቀረበ። እሱ አንድ ጉርሻ አልዋጠም፤ በሩን በሩን ያያል። እኔ በላሁ። እሱን ለማቅመስ ከሆነ የቆምሁት እኔ ለምን በላሁ? ርቦኝ ነበር።

ከገበያዋ በኋላ ረጅም ዳገት አለ። ለመኪናዬ ሁነኛ ቦታዋ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን መስኮቱን ከፍቼ ድምፅዋን አሰማው ነበር። «ርገጠው እንጂ፣ ወንድሜ» አለኝ። «ሞተሯ ሞቀ» አልሁት። ውሸት ነበር። የሙቀት ምልክቷ ከመካከል ንቅንቅ አላለም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ውሸቱን ማስጌጥ ግድ ሆነብኝ፤ ዳር ይዤ ቆምሁ፣ ኮፈኑን ከፈትሁ፣ ያመመውን እንደሚፈልግ ሰው ወደ ውስጥ አጎነበስሁ። አንተነህ ጃኬቱን አወለቀና ሞተሩን ያራግብ ጀመር። በሁለት እጁ እያራገበ «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይላታል። ምንም ያልሆነችውን መኪና ይለምናታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ተው አላልሁትም።

ስንደርስ ከግቢው ሰው ሞልቷል። ልክ እንዳሰብሁት ነው አልሁ። ከዚያ ሞላ እየሮጠ መጣና የወንድሙን አንገት አቅፎ «ምነው ዘገያችሁ? አሁን እኮ ነው፣ አሁን» አለ። መጀመሪያ አልገባኝም። አሁን ምን? ሴቶቹ እዬዬውን የጀመሩት ገና ያን ጊዜ ነበር። አንተነህ ገብቶ እጃቸውን ሲይዝ እጃቸው አልቀዘቀዘም ነበር።

ሞላ የነገረኝ እውነቱን ነበር። ታመው ነበር፤ ሕመም ብቻ። ከማለዳ ጀምሮ ፊቴን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብለው ተቀምጠው ነበር አሉ። «መጣ?» ይላሉ፤ «እየመጣ ነው፣ ፈጣን መኪና ይዞ ነው» ይሏቸዋል። ምን ትይዋለሽ ብሎ ሞላ ቢጠይቃቸው «ለራሱ ነው የምነግረው» አሉ። ሊመርቁት ነበር? ወይስ ሊወቅሱት? ማንም አያውቅም። አንተነህም ሳያውቅ ይኖራል። ሽሮዋን የበላሁባት ጊዜ ብቻ ትበቃ ነበር ስል፣ መልሼ ደግሞ ምናልባት አትበቃም ነበር እላለሁ፤ ይህችን ምናልባት የምትለዋን ቃል እንዴት እንደምወዳት ባያችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

ልቅሶው ላይ ሰው ማጉረምረሙ አልቀረም። አንድ ዘመዳቸው «ያ ሁሉ የተወራላት መኪና ናት እንዲህ የምትሆነው?» አለ፣ እኔ እየሰማሁ። አንተነህ፣ እናቱን የቀበረው ሰው፣ ቀና ብሎ «ብረት ናት፣ ትደክማለች። እሱማ ከእኔ በላይ ተጨንቆ ነበር» አለና ሸፈነኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሰውም ያዘንሁ መስሎት አጽናናኝ።

ከዚያ ወዲህ አንተነህ ባገኘኝ ቁጥር «ያች መኪናህስ፣ ተሻላት?» ይለኛል። ከልቡ ነው። እኔም ከመካኒክ መካኒክ የማዞራት መስዬ እመልስለታለሁ። መኪናዋ ሱቄ ደጃፍ ቆማለች፤ ዛሬም ነዳጁን ስረግጠው ጀርባዬን ትገፋኛለች። ልሸጣት አስብና እተወዋለሁ፤ የሚገዛት ሰው ደኅና መሆኗን ባወጀ ጊዜ አንተነህ ይሰማል ብዬ ፈርቼ ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አንተነህ ሱቄ መጣ። አባቱ በሕይወት አሉ። «አባቴን አሟቸዋል» አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር አሁን እንዲያ ነው የማደርገው። ልውሰድህ ለማለት ተነሣሁ፤ እሱ ቀደመኝና ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተን አላስቸግርህም፤ ያች ምስኪን ዳገት አትችልም። ሌላ መኪና ፈልግልኝ» አለኝ። በመስኮቱ ታየኛለች። ሄጄ አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ከነሾፌሩ ፈለግሁለት። የእኔዋ በግማሹ ጊዜ የምትደርስበትን መንገድ ያ ፒካፕ ሲንፏቀቅ ዋለ።

ማታ ደወለልኝ። «ደረስሁ» አለ። «በሕይወት አሉ። በእናትህም ፈንታ ብለው መረቁኝ። በአንተዋ መጥቼ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ እቀር ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ከዚያ ስልኩን ለአባቱ ሰጣቸው። የደከመ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ልጄን ያደረስህልኝ፣ መንገድህን ያቅናልህ» አሉኝ።

አሜን አልሁ። ምን ልበል?

አሁን የሚያምሰኝ ይኸው አሜን ነው። ብነግረው እናቱን በአንድ ሳህን ሽሮ እንዳጣ ያውቃል። ባልነግረው የሚወደኝ እኔን ሳይሆን የሌለ ሰው ነው። የትኛው ለእሱ ይሻላል? ይህን ስል ደግሞ ዛሬም ዳገቱ ላይ እንደቆምሁ ይገባኛል፤ ለእሱ እያሰብሁ ነው እላለሁ፣ ፍሬኑን የያዝሁት ግን እኔው ነኝ። ይቅርታ እናንተን አልለምንም፤ የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም። ስሙኝ ብቻ። ለእሱ እንዴት እንደምለው እየተለማመድሁ ነው፤ አንተነህ፣ ሞተሯ አልሞቀም ነበር።