ለሙሉጌታ የመሰከርኩ ቀን

ባለፈው እሁድ፣ ስምንት ዓመት አንድ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሠራው ጌቱ በሰው ፊት «አታውቀኝም?» አለኝ። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች መካኒሳ አንድ ፑል ቤት ውድድር ይዘን ነበር። አወዳዳሪው ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ዞረና «የጌቱን ችሎታ አንተ ታውቃለህ፤ ማካካሻ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው?» ሲል ጠየቀኝ። «አላውቅም» አልኩ። ጌቱ ከልቡ ደነገጠ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ነገሩ የተጀመረው እሱን ሳላውቅ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።

ያኔ የምንጫወተው ብስራተ ገብርኤል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። ሁለት ጠረጴዛ ነበረው፤ አንደኛው ወደ ግራ ስላዘነበለ ጠባዩን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚደፍረው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ኳሶቹ ሲጋጩ እንኳ አይሰማም። ጓደኛዬ ሙሉጌታ ከሥራ መልስ እዚያ ይጠብቀኛል። የተሸነፈ ፓስቲ ይገዛል፤ ደንባችን ነው። ሰባት ወር ሙሉ ገዢው እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ትኩሱን ፓስቲ ለሁለት ገምሶ ትልቁን ግማሽ ለእኔ ይሰጠኛል። ጣታችን የመምቻ ዱላውን፣ የስቴካውን፣ ጫፍ የምንቀባበት ሰማያዊ ጠመኔ ስለነካው ፓስቲውም ሰማያዊ ይሆናል፤ ግድ አልነበረንም። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል እንጂ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

መስከረም ሲጠባ እንደየዓመቱ የሰፈር ውድድር ተጠራ። አሸናፊው ሰፈሩን ወክሎ ሐዋሳ ሄዶ ይጫወታል። ለእኔ ግን ከሐዋሳም የሚበልጥ ነገር ነበረው። አባቴ ፑልን የሥራ ፈት ጨዋታ እያለ ሲያጣጥለው ኖሯል፤ ፍጻሜ ከደረስኩ መጥቶ እንዲያየኝ ለምኜው በስንት ጭቅጭቅ እሺ ብሎኝ ነበር።

ደንቡ እንዲህ ነው። አምስት ጌም ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። ደካማ የተባለ ተጫዋች ግን ሁለት ጌም በነፃ ተሰጥቶት ይጀምራል፤ በየጌሙ ኳሱን የሚበትነውም እሱ ነው። ማካካሻ የምንለው ይሄንን ነው። ደካማ ማን እንደሆነ የሚለየው በምስክር ነበር፤ ዘወትር አብሮት የሚጫወት ሰው ቆሞ ይናገራል። ሰውን በየቀኑ ከሚያሸንፈው የበለጠ ችሎታውን ማን ያውቃል ብለን ይሆናል።

ለሙሉጌታ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«አቦን! ይሄ ልጅ ኳስ መበተን እንኳ አይችልም» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ሙሉጌታም አንገቱን ደፍቶ አብሮ ሳቀ። ቅር እንዳይለው ብዬ ትከሻውን ቸብ አደረግኩት።

የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎቹን ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። አለፈ ሲሉኝ «ማካካሻው ረድቶት ነው» አልኩ፤ ደስም አለኝ። ፍጻሜ ላይ ተገናኘን። አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሙሉጌታ ስቴካውን አነሳ። ሰባት ወር ያየሁት ልፍስፍስ ምት አልነበረም። ኳሶቹ እንደ ተደፋ ሽምብራ ተበተኑ፤ ሁለቱ ወዲያው ገቡ። የቀሩትን አንድ በአንድ አስገብቶ ጨረሰ። እኔ ገና ከወንበሬ አልተነሳሁም፣ ሦስት ለዜሮ ሆነ።

ታገልኩ። ሦስት ጌም አሸነፍኩ፤ ግን አምስት ለሦስት አለቀ። የተሰጡት ሁለቱ ሲወጡ እኩል ነበርን ማለት ነው። ስንጨባበጥ እጁን አለቀቅኩትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እንዲህ የምትበትነው።»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለ ዓይኔን ሳያይ። «ደግሞ የመሰከርከው አንተ ነህ።»

እውነቱን ነው። ያቃጠለኝም ይኸው ነው፤ የከዳኝ በገዛ አፌ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው። በኋላ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለና፣ ደግሞ «ሁልጊዜ አሸንፈዋለሁ የምትለኝ ልጅ ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲያ ስጫወት ሊያየኝ አልመጣም።

ሽንፈት ይረሳል። ሙሉጌታ ግን ያን ቀን የወሰደብኝ አንድ ውድድር ብቻ አይደለም፤ ሰባት ወር ያሸነፍኩትን ሁሉ ነው። የትኛውን በእጄ እንዳሸነፍኩ፣ የትኛውን እንደለቀቀልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ለማንም መስክሬ አላውቅም፤ ይሄንንም ብልህነት ነው ስል ኖሬያለሁ።

ጌቱ እሁድ ዕለት ያለ ማካካሻ ገባና አምስት ለዜሮ ተሸነፈ። ምስኪኑ በእውነት አይችልም፤ ስቴካ አያያዙን ላየ ምስክር አያስፈልገውም ነበር። ሰኞ በምሳ ሰዓት እንደ ወትሮው አጠገቤ ቦታ ያዝኩለት። ሳህኑን ይዞ መጣ፣ አየኝ፣ አልፎኝ ሄደ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እኔም ሙሉጌታን ያየሁት እንደዚያ ነበር።