ራሴ ነኝ በያቸው

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሯጭ ቁርጭምጭሚቷን ቅባት እየቀባች ታሽ ነበር። ያ የሚያቃጥል ሽታ ሲሸተኝ ብርቄ ከቤታችን የሄደችበት ጠዋት ትዝ አለኝ።

እማዬ ያኔ ያለ ደመወዝ ሴት ሯጮችን ታሰለጥን ነበር። ከእነሱ አንዷን፣ ብርቄን፣ ከሰላ ድንጋይ አምጥታ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ታስተኛት ነበር። የዚያን ዕለት የአዲስ አበባ ክለብ መኪና ደጃችን ቆሞ እየጠበቀ፣ እማዬ ተንበርክካ ለመጨረሻ ጊዜ እግሯን አሸችላት። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም።

«ማን አሰለጠነሽ ካሉሽ፣ ራሴ ነኝ በያቸው» አለቻት።

«ለምን፣ እትዬ?»

«በያቸው አልኩሽ። ከእንግዲህ የሚይዝሽ ሌላ ሰው ነው።»

እኔ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። አዲሱ አሰልጣኝ የሌላ ሰው ስም ሰምቶ ልጅቷን እንዳያገላት ፈርታ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ብርቄ አሸንፋ በቴሌቪዥን ስትጠየቅ «በራሴ ነው የተለማመድኩት» አለች። እማዬ «ጎሽ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ራትም ሳትበላ አደረች። ከዚያ በኋላ ሜዳ መውጣት ተወች። ጫጫ ከተማ ገብተን ጉሊት ያዘች።

ባለፈው ክረምት አረፈች። ብርቄ ለቅሶ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ከጎረቤታችን አጠገብ ተቀመጠች። ሴትዮዋ «ምኗ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሰልጣኜ ነበረች።»

ጎረቤታችን እማዬን የምታውቃት ሽንኩርት ስትሸጥ ነበርና፣ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ዞራ እኔን አየችኝ።