ለሰዓዳ አንድ ቃል

ከባሕር ዳር የወጣሁ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ እናቴ እስከ ሰፈራችን ዳር ሸኘችኝ። የአባቴ የደንገል ታንኳ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። «ሰይዶ፣ ከየት ነህ ካሉህ ባሕር ዳር በል። የቱ ሰፈር ካሉህ ዝም በል» አለችኝ። ዱዓም አደረገችልኝ፣ አፌንም አሰረችው። እኛ ወይጦዎች ነን፤ ጣና ዳር ታንኳ እየጎነጎንን፣ ዓሣ እያጠመድን የኖርን። አያቶቻችን ጉማሬ ይበሉ ነበርና እስላሙም ክርስቲያኑም ከእኛ ጋር ማዕድ አይቀርብም።

የሱዳኑን፣ የሊቢያውን አልተርክላችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ብቻ የሐይቅ ልጅ ነኝ እያልኩ ስኩራራ የነበርኩት ሰውዬ፣ ያንን ባሕር እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነው የተሻገርኩት።

ጀርመን ገብቼ ለጥገኝነት ስጠየቅ ሹሙ በአስተርጓሚ «ብሔርህ?» አለኝ።

«ወይጦ።»

«ቋንቋህስ?»

«አማርኛ።»

«እሱ የአማራ አይደለም እንዴ? የራሳችሁስ?»

«ጠፋ።»

«የት ጠፋ?»

ወላሂ እንዲህ ነው ያለኝ! ባቡር ላይ እንደ ረሳሁት ጃንጥላ፣ ፉንድቡሮ፣ የጠፋ ዕቃ መጠየቂያው ቢሮ፣ ሄጄ እንዳስፈልገው ይመስል። አስተርጓሚው፣ ያገሬ ልጅ፣ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ነገር አታወሳስብ፤ አማራ ነኝ በልና እንገላገል» አለኝ። አልኩ። ተገላገልን።

ኑሮዬን ዞሰንሃይም የሚባል ሰፈር አደረግሁ፣ አገባሁ፣ ሰዓዳን ወለድን። ሚስቴ ታውቃለች፤ ከእሷ ሌላ የነገርኩት ሰው አልነበረም። ሰንበት ሲሆን ኒዳ ወንዝ ዳር እሄዳለሁ። ወንዝ ይሉታል እንግዲህ! ደንገል የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓሣ ለማጥመድም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ባለፈው ሰሞን ሰዓዳ ከቤተ መጻሕፍት ክንዷ እስኪዝል መጻሕፍት ተሸክማ መጣች። ሪፈራት አለባት፤ ክፍል ፊት ቆማ ልትናገር ነው። መጻሕፍቱ ሁሉም ስለ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ መሬታቸው እንዴት እንደ ተወሰደ፣ ልጆቻቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቋንቋቸውን እንዴት እንደ ተነጠቁ፣ መንግሥት በኋላ እንዴት ይቅርታ እንደ ጠየቀ። አንዱን ሳገላብጥ፣ ከደቡብ አሜሪካ የሆነ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ከሸምበቆ ነገር ጀልባ ሲያስር አየሁ። አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ፤ በተሰባበረው ጀርመንኛዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«ባባ፣ ዳን ዚንት ቪር አውኽ ኢንዲገን?» አለችኝ። እንግዲያ እኛም ነባር ነን ወይ፣ ማለቷ ነው።

እንጃ! ምን ልበላት? መጽሐፉ ላይ ገፊው በመርከብ የመጣ ነጭ ነው፤ ይለያል። እኛን ከሐይቁ ዳር ለሆቴል ሲሉ ያስነሱን ግን መልካቸው መልካችን፣ አማርኛቸው አማርኛችን ነው። ይቅርታውም አልገባኝም። እኛ አገር እርቅ ሲወርድ ባላንጣዎቹ በአንድ ገበታ ይበላሉ። ድሮውንም አብሮህ የማይበላ ሰው በየት በኩል ይታረቅሃል?

ቅዳሜ ጋሼ መኮንን መጡ። ከጎረቤት ሰፈር፣ ከኒድ ነው የሚመጡት፤ ድሮ በተማሪነት የመጡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ስለሆንን ሁልጊዜ ዓሣ እንጠብሳለን፤ ዓሣ ሃይማኖት የለውም። መጻሕፍቱን አይተው ለሰዓዳ በጀርመንኛ «ይሄ የነጭ ኃጢአት ነው። እኛ አገር ሁሉም ባለአገር ነው» አሉ።

ሰዓዳ ቀና አለች። «ቪር ዚንት ወይጦ።» እኛ ወይጦ ነን፣ ማለቷ ነው።

የጋሼ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። እኔን አዩኝ፣ ሚስቴን አዩ፣ ሳህኑን አዩት።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።

«እበላለሁ፣ እበላለሁ፤ ምን ሆንኩና!» ጎረሱ። አላመጡ፣ አላመጡ፣ ውኃ ጠጡበት። ከዚያ ሙያችንን አመስግነው ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አለኝ ብለው ተነሡ። በቅዳሜ ምን ቴርሚን አለ? ግን ደግሞ ጉርሻቸውን ውጠዋል። ልቀየማቸው ወይስ ላመስግናቸው? እስካሁን አላውቅም።

ሰዓዳ እሳቸው ጉዳይዋም አይደሉ። «ኑር አይን ቮርት፣ ባባ!» ትለኛለች፤ አንድ ቃል ብቻ። መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች በየቋንቋቸው ሰላም ብለው ነው የሚጀምሩት፤ እሷም በወይጦ ቋንቋ መጀመር አማራት። ሪፈራቱ ሰኞ ነው። እኔ አንዲት ቃል የለኝም። አፈርኩ፤ አባት ነኝ ብዬ ባዶ እጄን። እናቴ ጋ ደወልኩና ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«እማዬ፣ ከጥንቱ ቋንቋችን አንድ ቃል አታውቂም? ሰላምታ ይሁን፣ የዓሣ ስም ይሁን።»

«ምን ነካህ ሰይዶ? ደህና አይደለህም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ሰዓዳ ፈልጋው ነው።»

ዘግታው ይሆን ብዬ ስልኩን አየሁት።

«አያቴ ሐይቁ ላይ ለብቻዋ የምትለው ነገር ነበረ» አለች በመጨረሻ። «ምን ማለት ነው ስላት፣ ይቅርብሽ፣ ሲሰሙሽ ይስቁብሻል ትለኝ ነበር። ይኸው ቀረብኝ፣ ልጄ።»

ሰዓዳ እርሳሷን ይዛ፣ ዓይኗ እየበራ ታየኛለች።

«ቫስ ዛክት ዚ?» አለችኝ። ምን አለች፣ ማለቷ ነው፤ የአያቷ አማርኛ አልገባትም።