የመንታው ጢም

ታላቁና ታናሹ እየተባሉ የሚጠሩት መንትያ ወንድማማቾች በዕድሜ የሚበላለጡት በሩብ ሰዓት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ቆመው ሠርተዋል። መልካቸው ቁርጥ አንድ ስለሆነ ደንበኛ የሚለያቸው በቆሙበት ቦታ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ቦታ እየተቀያየሩ ሰው ማሳሳት ይወዱ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታላቁ የደንበኛ አንገት ላይ ፎጣ እያሰረ ሳለ ልቡ ቀጥ አለች። መሬት ሳይደርስ ታናሹ ደግፎ ያዘው፤ ግን አልተረፈም።

ታናሹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥራ ጀመረ። ያስቸገረው መስተዋቱ ነው። ከደንበኛው ጭንቅላት ላይ ቀና ባለ ቁጥር ወንድሙ መቀስ ይዞ ትክ ብሎ ያየዋል። ራሱ መሆኑን እያወቀ ሰውነቱን ይወረዋል። መርዶውን ያልሰሙ ደንበኞችም እየገቡ «ታላቁ፣ እንዴት ከረምክ?» ይሉታል። መጀመሪያ ያርማቸው ነበር። ሲደክመው ግን «ደህና» ብሎ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉም የሞተው የትኛቸው እንደሆነ ለራሱም ግራ ሲገባው ይውላል።

መላው ሲጠፋው ጢሙን አሳደገ። የሰው ፊት እየላጨ የራሱን ጫካ ማድረጉ ደንበኞቹን ቢያስቃቸውም፣ መስተዋቱ ውስጥ የማያውቀው ሰው ሲቆም እሱ ትንሽ ተንፈስ አለ።

ሦስት ወር እንዳለፈ፣ አንድ እሁድ እናቱን ሊጠይቅ ሄደ። ምሳውን እስኪጨርስ ጠበቀችና፣

«ይኼን ነገር ላጨው» አለችው።

«እማዬ፣ እሱን ማየት አልቻልኩም።»

«እኔ እሱን የማየው አንተ ላይ ነው። አትሸፍንብኝ፣ ልጄ።»

ውሃ አሙቃ አመጣችለት፤ የእጅ መስተዋትም ያዘችለት። የሰው ጉሮሮ ሲላጭ የኖረው እጁ ከራሱ ጉንጭ ጀመረ። ተላጭቶ ሲጨርስ እናቱ መስተዋቱን አስቀምጣ ፊቱን በሁለት መዳፏ ያዘች።

«ታላቁ» አለችው።

ታናሹ «አቤት» አላት።

ከዚያ ወዲህ ጢሙን የሚላጨው በየእሁዱ እናቱ ቤት ነው። ሥራ ላይ አሁንም መስተዋቱ ያስደነግጠዋል፤ ዓይኑን መስበር ግን ትቷል። እናቱ አንዳንድ እሁድ በራሱ ስም ትጠራዋለች፣ አንዳንዴ በወንድሙ። ተሳስታ ይሁን አውቃ ጠይቋት አያውቅም። በሁለቱም «አቤት» ይላል።